በአሮጌ ባለ ሁለት አፍ ጠበንጃ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ምን ይናገራል?

መጋቢት 13 ቀን 2013 ዓ.ም. በታላቋ ብሪታንያ አንድ አዲስ ደንብ በሥራ ላይ ዋለ። ስሙ የጥንታዊ የጦር መሣሪያዎች ደንብ ይባላል። የሚናገረው ስለ አሮጌ ጠበንጃና ሽጉጥ ስለሆነ፣ ከሰብሳቢዎች፣ ከጥንታዊ ዕቃ ነጋዴዎችና ከሙዚየም ሠራተኞች በቀር ብዙ ሰው ልብ አላለውም። ነገር ግን ደንቡን ጠጋ ብሎ ለተመለከተው ሰው፣ በተለይም በመንግሥት ሥራ ላይ ተቀምጦ የሕግን ቃል ከጠረጴዛው ላይ ከቀረበለት ዕቃ ጋር ለማገናኘት ለሚገደድ ወጣት፣ ብዙ የሚያሳስብ ጉዳይ አለበት።

እንበልና አንድ የበርሚንግሃም ጠበንጃ ሠሪ በ1890 ገደማ ሁለት ባለ ሁለት አፍ የአደን ጠበንጃዎችን ጎን ለጎን ሠራ። (በዚህ ጽሑፍ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።) ብረታቸው አንድ ነው፤ እንጨታቸው አንድ ነው፤ ጌጣቸውም አንድ ነው። ዛሬ ሁለቱ በአንድ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅለው ቢገኙ ግን የብሪታንያ ሕግ እንደ ወንድማማች አያያቸውም። አንደኛው የቤት ጌጥ ነው፤ ባለቤቱ ፈቃድ ሳይጠይቅ ሊያኖረው ይችላል። ሁለተኛው የጦር መሣሪያ ነው፤ ያለ ፈቃድ የተገኘበት ሰው ይከሰሳል። ይህን ሁሉ ልዩነት የሚያመጣው አንድ ቁጥር ብቻ ነው፤ የመጀመሪያው ጠበንጃ 14 ሲሆን ሁለተኛው 12 ነው።

ታዲያ ይህ ቁጥር ምንድን ነው? ማንስ ያነበዋል? እንዴትስ ይነበባል? ነገሩ ከሩቅ ሲያዩት የሚቀል ይመስላል እንጂ፣ ብዙ ዐዋቂ ነን ባዮችን ያሳሳተ ነው።

በአገራችን ቆርቆሮ የገዛ ሰው ሁሉ ጌጅ የሚባለውን ነገር ያውቃል። 28 ጌጅ ቆርቆሮ ከ32 ጌጅ ይወፍራል፤ ቁጥሩ ባደገ መጠን ቆርቆሮው እየሳሳ ይሄዳል። የአደን ጠበንጃ ቁጥርም እንደዚሁ ወደ ኋላ የሚሄድ ቁጥር ነው፤ ምክንያቱ ግን ሌላ ነው። በጥንት ጊዜ ጠበንጃ ሠሪው የበርሜሉን የውስጥ ስፋት በሺኛ ኢንች የሚለካበት ረቂቅ መሣሪያ አልነበረውም። ሚዛንና እርሳስ ግን ነበረው። ስለዚህ አንድ የእንግሊዝ ፓውንድ፣ ማለት ከእኛ ነጥር ጋር የሚቀራረብ 453.6 ግራም ንጹሕ እርሳስ ቢያቀልጥ፣ በበርሜሉ ልክ የሚያልፉ ስንት ድቡልቡል ጥይቶች ይወጡታል ብሎ ይጠይቃል። 12 ከወጡት ጠበንጃው 12 ቁጥር ነው፤ 20 ከወጡት 20 ቁጥር ነው። ጥይቱ ባነሰ ቁጥር ብዛቱ ስለሚጨምር፣ ትልቁ ቁጥር ጠባቡን በርሜል፣ ትንሹ ቁጥር ሰፊውን በርሜል ያመለክታል።

ይህ በዛሬው ሚሊ ሜትር ሲተረጎም 12 ቁጥር 18.5፣ 16 ቁጥር 16.8፣ 20 ቁጥር 15.6፣ 28 ቁጥር 14 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። እነዚህ ዛሬም በየሱቁ ቀለህ የሚገኝላቸው የታወቁ ልኮች ናቸው። ከእነዚህ ወጣ ያሉትና ሰብሳቢዎች እንደ ብርቅ የሚፈልጓቸው ደግሞ በመካከልና በዳር የቀሩት ናቸው፤ 14 ቁጥር 17.6 ሚሊ ሜትር፣ 24 ቁጥር 14.7፣ 32 ቁጥር 13.4፤ በሰፊዎቹም በኩል 8 ቁጥር 21.2፣ 4 ቁጥር 26.7 ሚሊ ሜትር ነው። አንባቢው አንድ ነገር ልብ ይበል። በ12 እና በ13 መካከል ያለው ልዩነት ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ በቅጡ አይሞላም፤ በ4 እና በ2 መካከል ያለው ግን ሰባት ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ በዓይን ግምት መናገር ከትልልቆቹ ዘንድ ይቻል ይሆናል፤ ከ11 እስከ 16 ባሉት ላይ ግን ከንቱ ድፍረት ነው። 410 የሚባለው ትንሽ ጠበንጃ ከዚህ ቆጠራ ውጭ ነው፤ እርሱ የተሰየመው በእርሳስ ብዛት ሳይሆን በኢንች ሺኛ ነው። በእርሳስ ቆጠራ ቢሆን ኖሮ 67 ገደማ ይባል ነበር።

ይህ አጠራር ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ቢሆን አያስደንቅም። አባቶቻችን ጠበንጃን ይጠሩ የነበረው በሠሪው ወይም በዓይነቱ ስም ነበር፤ ስናድር ከስናይደር፣ ውጅግራ ፉዚ ግራ ከተባለው የፈረንሳይ ጠበንጃ የመጣ ስም ነው። ሆኖም የዚህ ቁጥር አንድ ታሪካዊ ምሳሌ ከድንበራችን አጠገብ ይገኛል። በኋላ ሰር የተባለው እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1861 ከኢትዮጵያ የሚወርዱትን የዓባይ ገባሮች ሲመረምር፣ በአትባራና በሰቲት ወንዞች ዳር ዝሆንና አውራሪስ ያድን ነበር። ይዟቸው ከመጣው መሣሪያዎች አንዱ ሆላንድ የተባለው የለንደን ሠሪ ያበጀለት ባለ አንድ አፍ ከባድ ጠበንጃ ሲሆን፣ የሚተኩሰው ግማሽ ፓውንድ የሚመዝን ጥይት ነበር። ከአንድ ፓውንድ ሁለት ይወጣሉና 2 ቁጥር ማለት ነው። አብረውት የነበሩት ዐረቦች ጠበንጃውን “የመድፍ ልጅ” ብለው ሰየሙት። ስያሜው ከእንግሊዞቹ ቁጥር ይልቅ ነገሩን ቁልጭ አድርጎ ያሳያል ብንል ስሕተት አይሆንም።

ልዩ ልዩ ቁጥሮች እንዲህ የበዙት ለምንድን ነው? ጠበንጃ በአፈ ሙዙ በሚጎርስበት ዘመን አዳኙ ባሩዱን በቀንድ፣ እርሳሱን በከረጢት ይዞ ይወጣ ነበር። የባሩድና የእርሳስ ልክ በርሜል አይመርጥም፤ በ13ም በ15ም በ19ም ይገባል። ስለዚህ እያንዳንዱ ሠሪ ደስ ባለው፣ ወይም ደንበኛው ባዘዘው ልክ ይቦረቡር ነበር። ከዚያ በ1830ዎቹ ፈረንሳዊው ካዚሚር ለፎሾ ወገቡ ተሰብሮ በኋላ በኩል የሚጎርሰውን ጠበንጃ ሠራ፤ እንግሊዞችም በ1851 በተደረገው የለንደን ታላቅ ኤግዚቢሽን ከተመለከቱት በኋላ እያሻሻሉ ይሠሩት ጀመር። ከዚህ በኋላ ባሩዱ፣ እርሳሱና ማቀጣጠያው በአንድ ቀለህ ታሽገው ከፋብሪካ የሚወጡ ሆኑ። ሱቅ ያለው ነጋዴ ደግሞ ሃያ ዓይነት ሣጥን በመደርደሪያው ላይ ማከማቸት አይወድም። ገበያው 12ን፣ 16ን፣ 20ን መረጠ፤ የቀሩት ቀስ በቀስ ቀለህ አጡ። ጠበንጃን የሚገድለው ዝገት ብቻ አይደለም፤ የሚጎርሰውም ሲጠፋ ይሞታል። የብሪታንያው ደንብ የተመሠረተው በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው።

ትልልቆቹ ግን ከገበያ ሌላ ምክንያትም ነበራቸው። 8ና 4 ቁጥር የሚሠሩት አንድም የውሃ ወፍ በመንጋ ለመምታት፣ አንድም ዝሆን ለመጣል ነበር። ለዝሆኑ ሥራ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ላይ በጢስ አልባ ባሩድ የሚሠሩ ጠባብ አፍ ጠበንጃዎች ተተኩባቸው። በአሜሪካ ደግሞ የተሰዳጅ አዕዋፍ ሕግ በ1918 ከወጣ ወዲህ በተከተሉት ደንቦች ከ10 ቁጥር የሚሰፋ ጠበንጃ ለእነዚህ ወፎች አደን ተከለከለ። በብሪታንያም የ1981 የዱር አራዊት ሕግ የአፈ ሙዙ የውስጥ ስፋት ከአንድ ኢንች ከሦስት ሩብ በላይ በሆነ ጠበንጃ የዱር ወፍ መግደልን ከልክሏል።

አሁን ወደ ዋናው እንቅፋት እንመለስ። በአንድ አሮጌ ባለ ሁለት አፍ ጠበንጃ ላይ ቁጥሩ አንድ ብቻ ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ይሳሳታል። ቢያንስ ሦስት ቁጥሮች አሉ። አንደኛው የበርሜሉ የውስጥ ስፋት ነው። ሁለተኛው በበርሜሉ መጨረሻ ቀለሁ የሚያድርበት ክፍል ስፋት ነው፤ ቀለሁ ራሱ ውፍረት ስላለው ይህ ማደሪያ ከበርሜሉ ይሰፋል፤ በ12 ቁጥር ማደሪያው ከአፉ ላይ 20.6 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን በርሜሉ ግን 18.5 ነው። ሦስተኛው ሠሪው ወይም ሻጩ የሚጠራበት የንግድ ስም ነው። እነዚህ ሦስቱ ሁልጊዜ አይስማሙም፤ አለመስማማታቸውም ጉድለት አይደለም።

የብሪታንያን ማኅተሞች ብናይ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። በለንደን የጠበንጃ ሠሪዎች ማኅበር በ1637 ከንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ ቻርተር ተቀበለ፤ በበርሚንግሃም ደግሞ በ1813 በፓርላማ ሕግ የጠበንጃ መፈተኛ ቤት ተቋቋመ። ሥራቸው በርሜሉን ከወትሮው የበለጠ ባሩድ አጉርሶ መተኮስና፣ ሳይፈነዳ ወይም ሳያብጥ የቀረውን ማኅተም መምታት ነው። በ1855ና በ1868 በወጡት ሕጎች የበርሜሉ ቁጥርም ከማኅተሙ ጋር ይመታ ነበር። የሚለካውም ከኋላው 9 ኢንች ገባ ብሎ በዘንግ መለኪያ ነው። መርማሪው ልካቸው የታወቀ የብረት ዘንጎችን በተራ ይሞክራል፤ የገባው ትልቁ ዘንግ ቁጥር ይጻፋል። እንግዲህ የ12ቱ ዘንግ ለጥቂት እምቢ ቢል፣ የ13ቱ ዘንግ ከገባ፣ በበርሜሉ ላይ የሚመታው 13 ነው። ጠበንጃው ግን ማደሪያው 12 ነው፤ የሚጎርሰውም 12 ቁጥር ቀለህ ነው። በእንግሊዝ የተሠሩ እጅግ ብዙ 12 ቁጥር ጠበንጃዎች 13 ተመቶባቸው የሚገኙት በዚህ ምክንያት ነው። “ብርቅ የሆነ 13 ቁጥር” እየተባለ ከነዋጋው የሚቀርብ ዕቃ ብዙውን ጊዜ እንደ ጎረቤቶቹ ያለ ተራ 12 ነው።

መፈተኛ ቤቶቹም ግራ መጋባቱን አውቀውት ነበር። ከ1875 ጀምሮ አፈ ሙዛቸው ጠበብ ተደርጎ ለሚሠሩ በርሜሎች ሁለት ቁጥር ይመቱ ጀመር፤ አንዱ የበርሜሉን፣ አንዱ የአፈ ሙዙን ልክ የሚያመለክት ነው። በ1887 ደግሞ የማደሪያውን ቁጥር ለብቻው በአልማዝ ቅርጽ ውስጥ፣ ሲ ከምትባለው የላቲን ፊደል ጋር ማኖር ተጀመረ። በዚሁ ጊዜ በቁጥሮቹ መካከል ያለውን ክፍተት ለመሙላት 13 ከበታቹ 1 ያለው፣ 12 ከበታቹ 1 ያለው የሚባሉ መሐል ልኮች ገቡ። ለምሳሌ 13 ብቻ ሲሆን 0.710 ኢንች፣ 13 በ1 ሲሆን 0.719፣ 12 ብቻ ሲሆን 0.729 ማለት ነው። በ1954 ግን የጥንቱ አጻጻፍ ቀርቶ በርሜሉ በቀጥታ በሺኛ ኢንች ይጻፍ ጀመር። ስለዚህ የአልማዙ ቅርጽ ካለ መርማሪው በእርሱ ይመራ፤ ጠበንጃው ከ1887 በፊት የተፈተነ ከሆነ ግን ከማኅተሙ ብቻ ተነሥቶ መፍረድ አይችልም፤ መለካት አለበት።

በቤልጅግ የሊዬዥ ከተማ ልማድ ሌላ ነው። ሊዬዥ ጠበንጃ መፈተን የጀመረችው ከ1672 ጀምሮ ሲሆን፣ ናፖሌዎን በ1810 ባወጣው ድንጋጌ ሥርዓቱ ተጠናከረ። በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ ኢ፣ ኤል፣ ጂ የሚሉ ሦስት የላቲን ፊደላት የታዩበት ጠበንጃ የሊዬዥ ነው። ቤልጅጎች የበርሜሉን ስፋት የጻፉት በእርሳስ ቆጠራ ሳይሆን በሚሊ ሜትር ነው፤ 16.8 ወይም 18.2 የሚል ቁጥር ያየ ሰው ይህን ይገንዘብ። ይህ እጅግ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም በ19ኛው መቶ ዓመት ከሊዬዥ ለውጭ ገበያ ከወጡት ርካሽ ባለ ሁለት አፍ ጠበንጃዎች ብዙዎቹ የታወቁ የእንግሊዝ ሠሪዎችን የሚመስል ስም ተቀርጾባቸው ነበር። ጎኑ ላይ የተቀረጸው ስም እንግሊዛዊ ሆኖ ከሥሩ የእንቁላሉ ማኅተምና ሚሊ ሜትሩ ከተገኘ፣ ማመን የሚገባው ከሥር ያለውን ነው። ጀርመኖች በበኩላቸው የፈተና ሕጋቸውን ያወጡት በ1891 ነው፤ ቁጥሩን በክብ ውስጥ ይመታሉ፤ ከሌላው ሁሉ ይልቅም 16 ቁጥርን ይወዱ ነበር።

በተግባር ሥራው እንዴት ይሠራል? ከሁሉ አስቀድሞ ጠበንጃው ባዶ መሆኑ ይረጋገጣል፤ በአፈ ሙዙ የሚጎርስ ከሆነ ይህ የበለጠ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ መቶ ዓመት ሙሉ ጎርሶ የተቀመጠ በርሜል አንዳንድ ጊዜ ይገኛልና። ከዚያ ግራ እጅ የሚይዘው የፊቱ እንጨት ወልቆ በርሜሎቹ ከአካሉ ይለያሉ፤ ማኅተሞቹ የሚገኙት ከሥራቸው፣ ከመዝጊያው አጠገብ ባለው ጠፍጣፋ ቦታ ላይ ነው። ቀጥሎ የማደሪያው አፍ በካሊፐር ይለካል፤ 20.6 አካባቢ ከሆነ 12፣ 18.9 አካባቢ ከሆነ 16 ነው፤ በሁለቱ መካከል ቢውል 14 ሳይሆን አይቀርም። የማደሪያው ርዝመትም ይለካል፤ አሮጌዎቹ ብዙውን ጊዜ 2 ኢንች ተኩል ወይም 65 ሚሊ ሜትር ናቸው፤ ዛሬ የሚሸጠው ቀለህ ግን በብዛት 70 ነው። የጥንት ሠሪዎች ቅርጹን ለማውጣት የቀለጠ ድኝ ያፈሱበት ነበር፤ ዛሬ በቀላሉ የሚቀልጥ የብረት ቅይጥ ተተክቷል። በመጨረሻም ከኋላ 9 ኢንች ገባ ብሎ በርሜሉ ይለካና ከተመታው ቁጥር ጋር ይመዛዘናል። ዝገቱን ለማጥራት ተብሎ ውስጡ የተፋቀ በርሜል ከማኅተሙ ሰፍቶ ይገኛል፤ እንዲህ ያለው ጠበንጃ ግድግዳው ሳስቷልና የድሮው ፈተና ዋስ አይሆነውም።

እዚህ ላይ የሰው ሕይወት አለ። 20 ቁጥር ቀለህ በ12 ቁጥር ማደሪያ ውስጥ ሲገባ አልፎ ሄዶ ከበርሜሉ አንገት ላይ ይቀረቀራል። ተኳሹ ባዶ መስሎት ከኋላው 12 ቁጥር ቢያጎርስና ቢተኩስ በርሜሉ ከግራ እጁ በላይ ይፈነዳል። ዛሬ 20 ቁጥር ቀለህ ቢጫ እንዲሆን የተደረገው ይህን አደጋ ለመከላከል ነው። እንዲሁም የብረት ክሮች ተጠምዝዘው የተሠሩት፣ የደማስቆ የሚባሉት ውብ በርሜሎች በአብዛኛው የተፈተኑት በጥቁር ባሩድ ነው፤ በጢስ አልባ ባሩድ መፈተን በእንግሊዝ ደንብ ሆኖ የወጣው በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ላይ ነው። ቁጥሩን በትክክል ያወቀ ሰው ሁሉ ለመተኮስ በቂ ዕውቀት አለው ማለት አይደለም።

ወደ ሕጉ እንመለስ። የብሪታንያ የ1968 የጦር መሣሪያ ሕግ፣ ጥንታዊ መሣሪያን እንደ ብርቅ ዕቃ ወይም እንደ ጌጥ የያዘ ሰው ፈቃድ እንዳያስፈልገው ፈቅዷል። “ጥንታዊ” ማለት ምን ማለት እንደሆነ ግን አልተናገረም። ለሃምሳ ዓመት ያህል ይህን ክፍተት የሞላው የአገር ግዛት ሚኒስቴር መመሪያ እንጂ ሕግ አልነበረም። በዚህ መካከል ወንጀለኞች ቀዳዳውን አገኙት። በ2017 አንድ ፈቃድ ያለው የመሣሪያ ነጋዴ፣ ቀለሃቸው ከገበያ ለጠፋ አሮጌ ሽጉጦች ጥይት በቤቱ እየሠራ ለወሮበሎች ሲያቀብል በመገኘቱ በበርሚንግሃም ፍርድ ቤት 30 ዓመት ተፈረደበት። የጠፋ ቀለህ እጅ ባለው ሰው ተመልሶ እንደሚሠራ ይህ በግልጽ አሳየ። ስለዚህ የ2021 ደንብ ሰባት የሽጉጥ ቀለህ ዓይነቶችን ከጥንታዊነት ዝርዝር አወጣ፤ እነዚህን ይዘው ለነበሩት ሰዎችም የመሸጋገሪያ ጊዜ ሰጠ። ከመስከረም 1 ቀን 1939 በፊት መሠራትንም የዕድሜ ወሰን አደረገ።

የአደን ጠበንጃዎች ቁጥር ግን በዝርዝሩ ላይ እንዳለ ቀረ። 32፣ 24፣ 14፣ 8፣ 4፣ 3፣ 2፣ ከዚያም የሚሰፉት ሁሉ ጥንታዊ ናቸው። 10 ቁጥር ጥንታዊ የሚሆነው ማደሪያው 2 ኢንች ከአምስት ስምንተኛ ወይም 2 ኢንች ከሰባት ስምንተኛ የሚረዝም ከሆነ ብቻ ነው፤ ረጅሙ 10 ዛሬም ይሠራበታልና። ወንበዴ 4 ቁጥር ተሸክሞ ባንክ ሊዘርፍ አይሄድም ተብሎ የታሰበ ይመስላል፤ ክብደቱን ያየ ሰውም ይስማማል። 12 ቁጥር በማናቸውም መንገድ ጥንታዊ አይሆንም ማለት ግን አይደለም፤ ከጎኑ ትንሽ ሹል ብረት የወጣለትን የለፎሾን ቀለህ የሚጎርስ 12 ቁጥር፣ የእሳት አሰጣጡ የቀረ ስለሆነ ነፃ ነው። ነገር ግን በ1860ዎቹና በ1870ዎቹ ባለቤቶቻቸው ገንዘብ ለመቆጠብ ብለው ወደ አዲሱ ዓይነት ያስለወጧቸው ብዙ ናቸው፤ የተለወጠው ተራ 12 ነውና ነፃነቱን አጣ። እንዲሁም 14 የነበረው ማደሪያ ወደ 12 ከተፋቀ፣ በርሜሉ ላይ ያለው የድሮ 14 ባለቤቱን አያድነውም።

በዚህ ጸሐፊ አስተያየት የብሪታንያ ሕግ የጠየቀው ጥያቄ ትክክለኛ ነው። አሜሪካኖች በ1968 ባወጡት ሕግ በዋናነት ዓመትን ነው የሚመለከቱት፤ በ1898 ወይም ከዚያ በፊት የተሠራ ጥንታዊ ነው። በ1895 የተሠራ 12 ቁጥር ቀለሁ በየሱቁ እየተሸጠ በፌዴራሉ ሕግ ጥንታዊ ይባላል። ይህ ለጸሐፊው ቀላል፣ ለአስተሳሰብ ግን እንግዳ ነው። ብሪታንያ ግን “ዕድሜው ስንት ነው?” ብላ ብቻ አልቀረችም፤ “ዛሬ የሚጎርሰው አለ ወይ?” ብላ ጠየቀች። ይህ የተሻለ ነው። ችግሩ መልሱ ከአገር አገር መለያየቱ ነው። 24ና 32 ቁጥር በለንደን የሞቱ ናቸው ቢባልም፣ የኢጣልያው ፊዮኪ ፋብሪካ ቀለሃቸውን ሲሠራ ኖሯል፤ የብራዚል ፋብሪካም ደጋግሞ የሚጎርስ የነሐስ ቀለህ በእነዚሁ ልኮች ያወጣል። አንድ ሕግ ሕይወትንና ሞትን በገበያ ላይ ካስመረኮዘ፣ ገበያው በተለወጠ ቁጥር ዝርዝሩን የሚያድስ ነቃ ያለ መሥሪያ ቤት ያስፈልገዋል። ከዚያም በታች የበርሜሉን ቁጥር ከማደሪያው ቁጥር ለይቶ የሚያውቅ ሰው በየጣቢያው ካልተገኘ፣ ንጹሑ ሰው በ14ቱ ሲከሰስ፣ የተለወጠውን 12 የያዘው በነፃ ይሄዳል።

በእኛም አገር የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ከወጣ ወዲህ መሣሪያ በፈቃድ የሚያዝ ሆኗል። ከአያት የወረደ ባለ ሁለት አፍ ጠበንጃ ለምዝገባ፣ ለጉምሩክ ወይም ለሙዚየም መዝገብ ሲቀርብ፣ በቅጹ ላይ “አሮጌ ባለ ሁለት አፍ” ብሎ ማለፍ ይቀላል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ጽሑፍ ነገ አንዱን ጠበንጃ ከሌላው ለመለየት አይረዳም። አንድ ካሊፐርና ሩብ ሰዓት ያለው ሠራተኛ ግን በዚያው መስመር ላይ “ባለ ሁለት አፍ፣ በኋላ በኩል የሚጎርስ፣ የማደሪያው አፍ 18.9 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመቱ 65፣ በርሜሉ 16.8፣ የሊዬዥ የእንቁላል ማኅተም ያለበት፣ በጎኑ የእንግሊዝ ስም የተቀረጸበት” ብሎ ሊጽፍ ይችላል።